የማይዝግ ብረት ለምን ይዝጋል? ሙቀትና ጨረራ በብረት ቅንጣት ወሰን ላይ የሚያደርሱት ለውጥ

የማይዝግ ብረት፣ በገበያ አጠራሩ ስቴይንለስ ስቲል፣ ከወጥ ቤት ዕቃ እስከ ወተት ታንከር፣ ከቀዶ ሕክምና መሣሪያ እስከ ጨረራ አመንጪ ቁስ መያዣ ካፕሱል ድረስ በርካታ አገልግሎቶችን ይሰጣል። ስሙ እንደሚያመለክተው ፈጽሞ የማይዝግ የሚመስላቸው ተገልጋዮች ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ይህ ብረት ውጫዊ ገጹ እያንጸባረቀ፣ ከውስጥ በዓይን በማይታይ መስመር ሊሰነጠቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ጉዳት በሌሎች አገሮች የኃይል ማመንጫዎችን ለወራት ከሥራ ውጭ አድርጓል። በአነስተኛ ደረጃም ከብየዳ በኋላ ባፈሰሰ ታንከር ምክንያት ለኪሳራ የተዳረጉ ባለንብረቶች አሉ።

ይህ ገጽ የተዘጋጀው የማይዝግ ብረት ዕቃ ለሚገዙ፣ ለሚያሠሩና ለሚበይዱ፣ እንዲሁም በፈቃድ የጨረራ ቁስ ለሚጠቀሙ ተቋማትና ስለ ኒውክሌር ቴክኖሎጂ ለማወቅ ለሚፈልጉ ዜጎች ነው።

ዋና ዋና ነጥቦች

1. የማይዝግ ብረትን ከዝገት የሚጠብቀው በውስጡ የሚገኘው ክሮሚየም ነው። ክሮሚየሙ በአንድ ቦታ ከቀነሰ፣ ያ ቦታ እንደ ተራ ብረት ለዝገት ይጋለጣል።
2. ክሮሚየም በቀላሉ የሚቀንሰው የብረቱ ጥቃቅን ቅንጣቶች እርስ በርስ በሚገናኙበት ወሰን ላይ ነው።
3. ለዚህ ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ፤ አንደኛው በብየዳ ጊዜ የሚፈጠር ሙቀት፣ ሁለተኛው በኒውክሌር ሪአክተር ውስጥ የሚገኝ ብርቱ የኒውትሮን ጨረራ ነው።
4. ኤክስሬይም ሆነ የኮባልት 60 ጨረራ ይህን ዓይነት የክሮሚየም መቀነስ በሚታይ መጠን አያስከትልም።
5. ጉዳቱን በትክክለኛ የብረት ምርጫ፣ በጥንቃቄ በተሠራ ብየዳ፣ በንጹሕ ውሃና በየጊዜው በሚደረግ ፍተሻ መከላከል ይቻላል።

የማይዝግ ብረት የማይዝገው ለምንድን ነው?

ተራ ብረት ከአየርና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ቀይ ዝገት ልል ስለሆነ እየተላጠ ይረግፋል፤ ከሥሩ ያለው ብረትም እንደገና ይዝጋል። ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም የተቀላቀለበት ብረት ግን ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ገጹ በጥቂት ናኖሜትር ውፍረት በጠነከረ የክሮሚየም ኦክሳይድ ይሸፈናል። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሽፋኑ ከዚህ ሁሉ ስስነቱ ጋር ውሃና አየር ወደ ውስጥ እንዳይዘልቁ ይከላከላል። ቢጫርም በቂ ክሮሚየምና ኦክስጅን እስካለ ድረስ ራሱን ይጠግናል። እንግሊዛዊው የብረት ባለሙያ ሃሪ ብሬርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 በሼፊልድ ከተማ ለጠመንጃ አፈሙዝ የሚሆን ብረት ሲፈልግ ያገኘው ውህድ ለዚህ ኢንዱስትሪ መስፋፋት ፈር ከቀደዱት አንዱ ነው።

በዛሬው ገበያ በብዛት የሚገኘው 304 የተባለው ዓይነት ነው። በግምት 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ይይዛል። 316 የተባለው ደግሞ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ስለሚጨመርበት ጨውን የተሻለ ይቋቋማል። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኤል» የሚል ፊደል ሲኖር የካርቦን መጠኑ ከ0.03 በመቶ ያልበለጠ መሆኑን ያመለክታል። የዚህች ፊደል ፋይዳ ከዚህ በታች ይብራራል።

የቅንጣት ወሰን ምንድን ነው?

ብረት ሲታይ አንድ ወጥ አካል ይመስላል። በማጉያ መሣሪያ ሲመረመር ግን እርስ በርስ ከተጣበቁ ጥቃቅን ቅንጣቶች የተገነባ ሆኖ ይገኛል። በእያንዳንዱ ቅንጣት ውስጥ አቶሞች በሥርዓት ተደርድረዋል፤ የአንዱ ቅንጣት ድርድር ግን ከጎረቤቱ ጋር በአቅጣጫ አይገጥምም። ሁለቱ የሚገናኙበት ጠባብ መስመር የቅንጣት ወሰን ይባላል።

ነገሩን ከድንጋይ ግንብ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ድንጋዮቹ ቅንጣቶቹ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው የሲሚንቶ መስመር ወሰኑ ነው። ድንጋዩ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ሲሚንቶው ከላላ ግንቡ ይፈርሳል። በብረትም ውስጥ በወሰኑ ላይ ያሉ አቶሞች አደራደራቸው የላላ በመሆኑ ንጥረ ነገሮች በቀላሉ ይተላለፉበታል፣ ይከማቹበታል ወይም ይሸሹበታል። ስለዚህ አንድ ዕቃ በጠቅላላው 18 በመቶ ክሮሚየም እንዳለው የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ቢኖረውም፣ በቅንጣቶቹ ወሰን ላይ ያለው መጠን ከዚያ እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው መንገድ፦ ሙቀት

በብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን ከክሮሚየም ጋር የመዋሐድ ጠባይ አለው። ብረቱ በግምት ከ425 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ፣ ካርቦኑ ወደ ቅንጣቶቹ ወሰን ተጉዞ በአካባቢው ካለው ክሮሚየም ጋር በመዋሐድ ክሮሚየም ካርባይድ የተባለ ጠጣር ነገር ይፈጥራል። ከወሰኑ ግራና ቀኝ ያለው ጠባብ ቀጠና ክሮሚየሙን ስለሚነጠቅ መጠኑ ከ12 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። በዚህ ቀጠና የመከላከያ ሽፋኑ ይሳሳል፤ ዝገትም ቅንጣቶቹን ትቶ በወሰናቸው መካከል እየሰረገ ይሄዳል።

ይህ በአብዛኛው የሚከሰተው በብየዳ ወቅት ነው። የብየዳው መስመር ራሱ ቀልጦ በፍጥነት ይጠነክራል፤ ከመስመሩ በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ያለው ክፍል ግን በተጠቀሰው የሙቀት ክልል ውስጥ ይቆያል። ስለሆነም ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው በብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው አጠገብ ነው።

የጉዳዩ ክብደት በስፋት የታወቀው በ1970ዎቹ በአሜሪካ ነው። ውሃን በእምብርታቸው ውስጥ በሚያፈሉ የኒውክሌር ማመንጫዎች የ304 ብረት ቧንቧዎች በብየዳዎቻቸው አጠገብ ተሰንጥቀው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በጥር 1975 በኢሊኖይ ግዛት በሚገኘው የድሬስደን ማመንጫ አዲስ ስንጥቅ በመታየቱ፣ በዚያው ወር ሥራ የጀመረው የአገሪቱ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን 23 ተመሳሳይ ሪአክተሮች ቆመው እንዲፈተሹ አዘዘ። ምርመራው ሦስት ነገሮች አንድ ላይ መገናኘታቸውን አሳየ። እነርሱም በብየዳ ሙቀት ክሮሚየሙን ያጣ ወሰን፣ ከብየዳ በኋላ በብረቱ ውስጥ የቀረ ውጥረትና ኦክስጅን ያለበት ሙቅ ውሃ ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ፦ የኒውትሮን ጨረራ

በሪአክተር እምብርት አጠገብ ያለ ብረት ያለ ብየዳም ክሮሚየሙን ከወሰኑ ሊያጣ ይችላል። ሂደቱ ግን ከሙቀቱ የተለየ ነው፤ ካርቦን አያስፈልገውም።

ዩራኒየም ሲሰነጠቅ የሚወጡ ፈጣን ኒውትሮኖች የብረቱን አቶሞች እየመቱ ከቦታቸው ያፈናቅላሉ። እያንዳንዱ መፈናቀል ሁለት ነገር ይተዋል፤ አንድ ባዶ ቦታና በሌሎች አቶሞች መካከል በግድ የተሰገሰገ አንድ አቶም። አብዛኞቹ ወዲያውኑ መልሰው ይገናኛሉ። የቀሩት በብረቱ ውስጥ ይዞራሉ፤ የቅንጣት ወሰን ሲደርሱም በዚያ ይዋጣሉ።

ባዶ ቦታ የሚንቀሳቀሰው ከጎረቤቱ አቶም ጋር ቦታ በመለዋወጥ ነው። ባዶው ቦታ አንድ እርምጃ ወደ ወሰኑ ሲቀርብ፣ የተለዋወጠው አቶም አንድ እርምጃ ከወሰኑ ይርቃል። በዚህ ልውውጥ ክሮሚየም ፈጣን ሲሆን ኒኬል ግን ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ክሮሚየም ከወሰኑ እየሸሸ ይሄዳል፤ በምትኩ ኒኬል በወሰኑ ላይ ይበዛል። ሲሊከንና ፎስፈረስም ወደዚያው ተጉዘው ይከማቻሉ። ሲሊከን ሲከማች የሚፈጥረው ኦክሳይድ በሙቅ ውሃ የሚሟሟ በመሆኑ ለመከላከያ ሽፋኑ ተጨማሪ ድክመት ይሆናል።

በሙቀትና በጨረራ የሚመጡት ለውጦች በስፋታቸውም ይለያያሉ። በሙቀት ክሮሚየም የሚያጣው ቀጠና በመቶዎች ናኖሜትር ሊሰፋ ሲችል፣ በጨረራ የሚያጣው ግን በአብዛኛው ከ10 ናኖሜትር አይበልጥም። ይህን ያህል ጠባብ መስመር የሚለካው እጅግ ጠንካራ በሆነ የኤሌክትሮን ማጉያ መሣሪያ ነው።

የጨረራው መጠን የሚለካው እያንዳንዱ አቶም በአማካይ ስንት ጊዜ ከቦታው ተፈናቀለ በሚል ስሌት ነው። በውሃው ውስጥ ኦክስጅን በሚበዛባቸው ሪአክተሮች፣ በአማካይ አንድ ጊዜ እንኳ ከመፈናቀሉ በፊት ብረቱ ለስንጥቅ መጋለጥ ይጀምራል። ሃይድሮጅን በሚጨመርበትና በከፍተኛ ግፊት በሚዘዋወር ውሃ በሚሠሩት ደግሞ መነሻው በግምት ሦስት ጊዜ ነው። በአስርት ዓመታት አገልግሎት ለእምብርቱ ቅርብ በሆኑ ክፍሎች እያንዳንዱ አቶም በአማካይ ከ50 ጊዜ በላይ ሊፈናቀል ይችላል።

ጨረራ የሚያስከትላቸው ሌሎች ሁለት ለውጦች

የክሮሚየም መሸሽ ብቻውን ሁሉንም ስንጥቅ አያብራራም። ጨረራ ከዚህ ጎን ለጎን ሁለት ለውጦችን ያመጣል።

አንደኛው የብረቱ መጠንከር ነው። የተፈናቀሉ አቶሞች ተከማችተው የሚፈጥሯቸው ጥቃቅን እንከኖች ብረቱ እንዳይተጣጠፍ ይይዙታል። ለስላሳ የነበረው ብረት ለመተጣጠፍ የሚፈልገው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ሊጨምር ይችላል። ጥንካሬ መልካም ቢመስልም፣ እንዲህ ያለው ብረት ጫና ሲበዛበት ውጥረቱን በመላ አካሉ አያከፋፍልም። መተጣጠፉ በጠባብ መስመሮች ላይ ብቻ ይከማችና መስመሮቹ የቅንጣት ወሰንን በሚነኩበት ቦታ ስንጥቅ ይጀምራል።

ሁለተኛው የውሃው ለውጥ ነው። ጨረራ የውሃን ሞለኪውል እየከፋፈለ ኦክስጅን፣ ሃይድሮጅንና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይፈጥራል። ኦክስጅንና ፐሮክሳይድ የዝገትን ግፊት ይጨምራሉ። ስለዚህ ጨረራ በአንድ በኩል የብረቱን ወሰን ያዳክማል፤ በሌላ በኩል ብረቱን የሚያጠቃውን ውሃ ያበረታል።

ሃይድሮጅን በሚጨመርባቸው ሪአክተሮች የኦክስጅኑ መጠን እጅግ አነስተኛ ሆኖ ሳለ ስንጥቅ መታየቱ፣ የብረቱ መጠንከርና የወሰኑ ኬሚስትሪ አብረው እንደሚሠሩ ያመለክታል። በመሆኑም አንዱን ምክንያት ብቻ ማስወገድ ሙሉ መፍትሔ አይሆንም።

ከሌሎች አገሮች ልምድ የሚገኝ ትምህርት

በሪአክተር እምብርት ዙሪያ የቆሙ የብረት ሰሌዳዎችን የሚያያይዙ ብሎኖች በዚህ ዓይነት ጉዳት የታወቁ ናቸው። በፈረንሳይ ቀደም ብለው በተሠሩ ሪአክተሮች የተሰነጠቁ ብሎኖች በ1980ዎቹ መጨረሻ ተገኝተዋል። በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው የኢንዲያን ፖይንት ሁለተኛ ሪአክተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ ፍተሻ፣ ከ832 ብሎኖች መካከል 227ቱ ጉዳት የደረሰባቸው ወይም የጠፉ ሆነው ተገኙ። ብሎኖቹ ከመተካታቸው በፊት ሪአክተሩ ወደ ሥራ አልተመለሰም። የእነዚህ ብሎኖች ችግር ከውጭ አይታይም፤ ራሳቸው ሳይበላሹ የሚመስሉ ብሎኖች ከጭንቅላታቸው ሥር ተሰንጥቀው የተገኙት በድምፅ ሞገድ ፍተሻ ነው።

ሌላው ትምህርት የተገኘው ከፈረንሳዩ የሲቮ ማመንጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ገደማ በአንዱ ሪአክተር የደኅንነት ቧንቧዎች ብየዳ አጠገብ ስንጥቅ ተገኘ። ቧንቧዎቹ ከብርቱ ጨረራ ርቀው የሚገኙና አነስተኛ ካርቦን ባለው ብረት የተሠሩ ነበሩ። ችግሩ በሌሎች ሪአክተሮችም በመታየቱ በርካቶቹ ቆመው ተፈተሹ። ከተራዘሙ ጥገናዎች ጋር ተደምሮ የአገሪቱ የኒውክሌር ኤሌክትሪክ ምርት እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 279 ቴራዋት ሰዓት ወረደ፤ ይህም ከ30 ዓመታት በላይ ያልታየ ዝቅተኛ መጠን ነው። ጥሩ ብረት መምረጥ አስፈላጊ ቢሆንም፣ የቧንቧው ቅርጽ፣ የብየዳው አሠራርና የሙቀት መለዋወጥ የሚፈጥሩት ውጥረት ካልተገታ የብረቱ ዓይነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ጨረራ ሁልጊዜ ዝገትን ያፋጥናልን?

አያፋጥንም። እ.ኤ.አ. በ2020 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚገኙ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ማሳያ ነው። ተመራማሪዎቹ 80 በመቶ ኒኬልና 20 በመቶ ክሮሚየም የያዘ ውህድ በ650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀለጠ የፍሎራይድ ጨው ውስጥ አድርገው ከፊሉን በፕሮቶን ጨረራ መቱት። ጨረራ ያገኘው ክፍል በቅንጣቶቹ ወሰን በኩል የተበላው ካላገኘው ክፍል ባነሰ ፍጥነት ነበር። በጨረራው የተፈናቀሉ አቶሞች በወሰኑ ላይ የሚከፈተውን ክፍተት መልሰው ስለሚሞሉ ነው የሚል ማብራሪያ ቀርቧል። ውጤቱ የኒኬል ውህድንና የቀለጠ ጨውን የሚመለከት እንጂ በውሃ ውስጥ ላለ የማይዝግ ብረት የሚሠራ አይደለም። ሆኖም የጨረራ ውጤት በብረቱ ዓይነት፣ በሙቀቱና በሚነካው ፈሳሽ የሚወሰን መሆኑን ያስገነዝባል።

የመከላከያ ዘዴዎች

ከላይ ከተጠቀሱት ልምዶች በመነሳት በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራባቸው ዘዴዎች የሚከተሉት ናቸው።

1. አነስተኛ ካርቦን ያለው ብረት መጠቀም። 304ኤል እና 316ኤል ክሮሚየምን የሚነጥቀውን ካርቦን ይቀንሳሉ።
2. ቲታኒየም ወይም ኒዮቢየም የተጨመረበት ብረት መጠቀም። በ321 እና በ347 ብረቶች ውስጥ ካርቦኑ ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች ጋር ስለሚዋሐድ ክሮሚየሙ በቦታው ይቀራል።
3. ብረቱን ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አሙቆ በፍጥነት ማቀዝቀዝ። በዚህ ጊዜ የተፈጠረው ካርባይድ ይሟሟል፤ ክሮሚየሙም ወደ ቦታው ይመለሳል።
4. የውሃውን ኬሚስትሪ መቆጣጠር። ሃይድሮጅን ይጨመራል፤ በአንዳንድ ማመንጫዎችም የፕላቲኒየም ዓይነት ክቡር ማዕድናት በጥቂቱ ይታከላሉ።
5. ውጥረትን መቀነስ። የብሎኖችና የመገጣጠሚያዎች ቅርጽ ይሻሻላል፤ በብየዳ የተፈጠረ ውጥረትም እንዲላላ ይደረጋል።
6. በድምፅ ሞገድ መፈተሽና የአገልግሎት ዘመናቸው ያለቀ ክፍሎችን መተካት።

ከ1 እስከ 3 ያሉት ዘዴዎች በሙቀት የሚመጣውን ችግር ይቀርፋሉ እንጂ በኒውትሮን የሚመጣውን የክሮሚየም መሸሽ አያስቀሩም። ኢንዲያን ፖይንት የተሰበሩት ብሎኖች ኒዮቢየም ካለው 347 ብረት የተሠሩ ነበሩ። በኒውትሮን ለሚመታ ክፍል ዋናው ዋስትና የውሃ ቁጥጥር፣ ፍተሻና መተካት ነው።

ጉዳዩ በአገራችን

ኢትዮጵያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የላትም። ቴክኖሎጂውን ለሰላማዊ ዓላማ ለማዋል ግን ከሩሲያ ጋር የትብብር ስምምነቶችን ፈርማለች። ማንኛውም አገር ወደዚህ ዘርፍ ሲገባ ከሚያስፈልጉት ዕውቀቶች አንዱ ብየዳን የመፈተሽና የብረትን እርጅና የመከታተል ብቃት ነው።

ጨረራ አመንጪ ቁሶች ግን ከዚህ ቀደምም በአገራችን በሥራ ላይ ውለዋል። ኮባልት 60 ለካንሰር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አገልግሏል፤ በቃሊቲም የቆላ ዝንብን ለማምከን የጨረራ ቴክኖሎጂ ጥቅም ላይ ውሏል። ኮባልት 60 በተለምዶ የሚታሸገው በማይዝግ ብረት ካፕሱል ውስጥ ነው። የሕዝብን ደኅንነት ከሚጠብቁት አጥሮች የመጀመሪያው ይህ የብረት ግድግዳ ነው።

በውሃ ገንዳ ውስጥ ለሚቀመጡ ካፕሱሎች የአሜሪካ ደንብ የሚያስቀምጣቸው ግዴታዎች ከላይ የተብራራውን ዕውቀት በተግባር ያሳያሉ። ካፕሱሉ ድርብ መሆን አለበት፤ የሚሠራውም እንደ 316ኤል ካለ ዝገትን ከሚቋቋም ብረት ነው። የገንዳው ውሃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም በመደበኛ ሁኔታ ከ20 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር በታች እንዲሆንም ይጠይቃል። ይህ መለኪያ በውሃው ውስጥ የሟሟ ጨው እንዳይበዛ ለመቆጣጠር ያገለግላል።

በተደጋጋሚ የሚነሱ ጥያቄዎች

የሆስፒታል ኤክስሬይ ወይም የኮባልት ማሽን የማይዝግ ብረትን ያዳክማልን?
በዚህ ገጽ በተገለጸው መንገድ አያዳክምም። የኤክስሬይና የጋማ ጨረር አቶሞችን ከቦታቸው የማፈናቀል አቅማቸው ከፈጣን ኒውትሮን ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅተኛ ነው። የጋማ ጨረር ውሃን ሊከፋፍል ስለሚችል ግን በገንዳ ለሚቀመጡ ካፕሱሎች የውሃው ንጽሕና ወሳኝ ነው።

በመንገድ ሥራ የአፈር እርጥበት ለመለካት የምንጠቀምበት መሣሪያ ኒውትሮን ያመነጫል። መያዣው ይሰነጠቃልን?
በመሣሪያው ውስጥ ያለው ምንጭ የሚያወጣው የኒውትሮን መጠን ከሪአክተር ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የብረቱን የክሮሚየም ሥርጭት አይለውጥም። መሣሪያው የሚጎዳው በመውደቅ፣ በመገጨትና በአያያዝ ጉድለት ነው። በመሆኑም በየጊዜው ሊደረግ የሚገባው የፍንጣቂ ፍተሻ መቋረጥ የለበትም።

በጋማ ጨረር የተመከነ የሕክምና ዕቃ ራሱ ጨረራ አመንጪ ይሆናልን?
አይሆንም። የኮባልት 60 ጋማ ጨረር ዕቃውን ጨረራ አመንጪ አያደርገውም። በሪአክተር ውስጥ በኒውትሮን የተመታ ብረት ግን ጨረራ አመንጪ ስለሚሆን እንደ ተራ ቁርጥራጭ ብረት አይሸጥም፣ አይቀልጥም።

ማግኔት የማይስበው ብረት ሁሉ ጥሩ የማይዝግ ብረት ነውን?
አይደለም። 304 እና 316 በአብዛኛው በማግኔት አይሳቡም፤ ነገር ግን ከኒኬል ይልቅ ማንጋኒዝ የበዛበትና ዝገትን የመቋቋም አቅሙ ዝቅ ያለው 201 የተባለው ዓይነትም እንዲሁ አይሳብም። ማግኔት ስለ ካርቦን መጠንም ሆነ ስለ ቅንጣት ወሰን የሚነግረው ነገር የለም።

በረኪና ለማጽጃ መጠቀም ይቻላልን?
በረኪና የመከላከያ ሽፋኑን የሚያጠቃ ክሎሪን አለው። በተለይ በብየዳ አካባቢ ተዘፍዝፎ እንዲቆይ ማድረግ አይመከርም። ከተጠቀሙበት በአግባቡ አቅጥነው ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ።

ተገልጋዮች ሊያደርጓቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

ታንከር፣ ቧንቧ ወይም ማሽን ለሚገዙና ለሚያሠሩ፦

1. ዕቃው የሚበየድ ከሆነ «ኤል» የሚል ምልክት ያለው ብረት እንዲሆን በውል ላይ ያስፍሩ። የአምራች ፋብሪካውን የምስክር ወረቀት ጠይቀው የካርቦን መጠኑን ያረጋግጡ።
2. የብየዳ ዘንጉ ወይም ሽቦው ከብረቱ ዓይነት ጋር የሚገጥም መሆኑን ይጠይቁ።
3. በያጁ ሙቀቱን መጥኖ በአጫጭር መስመር እንዲሠራና በመካከሉ ብረቱ እንዲቀዘቅዝ ያድርጉ። በአርጎን ብየዳ ጊዜ የውስጠኛው ገጽም በጋዝ መጠበቅ አለበት።
4. ከብየዳ በኋላ የሚቀረው ሰማያዊ ወይም ቡናማ ጥላ ተወግዶ ገጹ መጽዳት ይኖርበታል። ለዚህ የሚያገለግለው ብሩሽ ከማይዝግ ብረት የተሠራና ለተራ ብረት ያልዋለ ይሁን።
5. ለከፍተኛ ሙቀት፣ ለአሲድ ወይም ለጨዋማ ፈሳሽ የሚውል ዕቃ ከሆነ በቅንጣት ወሰን ላይ ለሚከሰት ዝገት ያለውን ተጋላጭነት በላቦራቶሪ ያስፈትሹ። ለዚህ የሚያገለግለው መደበኛ ፍተሻ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ኤ262 በመባል ይታወቃል።

የጨረራ ቁስ ለሚጠቀሙ ተቋማት፦

1. የካፕሱሉን የምስክር ወረቀት፣ የተመረተበትን ቀንና አምራቹ የመከረውን የአገልግሎት ዘመን በመዝገብ ይያዙ። የኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜ 5.27 ዓመት ነው፤ የጨረራው መቀነስ ግን የካፕሱሉን የፍተሻ ግዴታ አያስቀርም።
2. የፍንጣቂ ፍተሻን በፈቃዱ በተወሰነው ጊዜ ያካሂዱ፤ ውጤቱንም ይመዝግቡ።
3. ገንዳ ካለ የውሃውን የጨው መጠንና የማስተላለፍ አቅም በተከታታይ ይለኩ። ለውጥ ከታየ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ጉዳዩን አይዝጉ።
4. ከአገልግሎት ውጭ የሆነን ቁስ ያለ ተቆጣጣሪው ፈቃድ አያዛውሩ፣ አይሽጡ፣ አያስወግዱ።

የቁርጥራጭ ብረት ንግድ ላይ ለተሰማሩና ለመላው ኅብረተሰብ፦

የሚያብረቀርቅ፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ወይም የጨረራ ምልክት ያለበት የታሸገ ብረት ካገኙ አይንኩ፣ አይቁረጡ፣ ወደ ቤት አይውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል ጎያኒያ ከተማ ከተተወ የሕክምና ማሽን ላይ የተወሰደ የሲዚየም 137 ካፕሱል ተፈልቅቆ አራት ሰዎች ለሞት ተዳርገዋል። ካፕሱሉ የተወሰደው ለብረቱ ዋጋ ሲባል ነበር። ተመሳሳይ ዕቃ ያገኘ ሰው ከቦታው ርቆ፣ ሌሎችም እንዳይቀርቡ አድርጎ በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ወዲያውኑ ማሳወቅ ይኖርበታል።

የጨረራ ቁስን የሚመለከት ፈቃድና ቁጥጥር የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ሥራ ነው። የብረት ውጤቶችን ጥራት ማስፈተሽ የሚፈልጉ ተገልጋዮች የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅትን መጠየቅ ይችላሉ። ለፍተሻ ሲቀርቡ የብረቱን ዓይነት፣ የብየዳውን ዘዴና ዕቃው የሚይዘውን ፈሳሽ የሚገልጽ ማስረጃ ይዘው ይቅረቡ፤ ተገቢው የፍተሻ ዓይነት የሚመረጠው በእነዚህ ሦስት መረጃዎች ነው።